ሼፍ መኩሪያ በሕልሙ ያላየው ዓሣ

ስልኬ ሲጮኽ ምዕራብ ዓባያ ላይ፣ አዲስ በሚቆፈር የመስኖ ቦይ ውስጥ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገብቼ ነበር። የደወሉልኝ አዬ ቦጋለች ናቸው።

"ኢንጂነር፣ መኩሪያ ሞቷል" አሉኝ። ቀጠሉና "ሬዲዮው ሳይቀድመኝ ብዬ ነው። ሬዲዮ ያጋንናል።"

እውነታቸውን ነበር። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው "ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፈው ሼፍ" አለ። ሼፍ መኩሪያ በደቡብ ከሞያሌ፣ በሰሜን ከደብረ ብርሃን አልፎ አያውቅም። ደብረ ብርሃንም የሄደው ለሰርግ ድግስ ነበር፤ ብርዱ ቅቤዬን አረጋብኝ ብሎ በማግስቱ ተመለሰ። ሬዲዮው ቀጠለና "በትሕትናው የሚታወቀው" አለ። ይህን የሰማ የአርባ ምንጭ ባጃጅ ነጂ ሁሉ፣ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም።

መኩሪያ አጭር ሰው ነበር፤ ቆቡ ግን ረጅም ነበር። ያንን ነጭ የሼፍ ቆብ በሩዝ ውሃ እየነከረ ስለሚተኩሰው እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገበያም፣ ባንክም፣ ለቅሶም በዚያው ቆብ ነው የሚሄደው። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ በባጃጅ ሲወርድ ቆቡ ጣሪያ ስለሚነካበት አንገቱን በጎን አውጥቶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸውና ሹፌሩን "ጭነትህ ከተሽከርካሪው ወጥቷል" አለው።

መኩሪያ ከወንበሩ ሳይነሳ "ጭነት አይደለም" አለ። "ማዕረግ ነው።"

እኔ ያገኘሁት በውሃ ምህንድስና ተመርቄ፣ ደሴ ወዳሉት ቤተሰቦቼ ባዶ እጄን መመለስ አፍሬ፣ አርባ ምንጭ ሥራ ስፈልግ በከረምኩበት ዓመት ነው። ሴቻ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ ሐይቁና ጫካው ቁልቁል የሚታይበት "ማዕደ መኩሪያ" የሚባል ምግብ ቤት ነበረው። በሩ ላይ በኖራ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር አየሁና ቆሜ ሳቅሁ። ከውስጥ ያ ቆብ ብቅ አለ።

"ምን ያስቅሃል?"

ሴት መሆኔን ሳያይ ቀርቶ አልነበረም። የመኩሪያ አማርኛ በጎልማሳነቱ የለመደው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላል፣ ቢላዋንና መጥበሻን ደግሞ "እሷ" ይላል።

"'የጾም በያይነቱ ከሥጋ ጋር' ይላል" አልኩት።

"እና? ለማይጾም ነዋ!"

ከዚያ ግን ዝርዝሩን ትኩር ብሎ አየ፣ እኔንም አየ፣ ምን እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ኢንጂነር! ቧንቧዬ ሦስት ቀን ሆኗታል ከደረቀች። ግባ!" አለኝ። በዚያው ገባሁ። ዝርዝሩን አስተካከልኩ፣ በኢንተርኔት ገጽ ከፈትኩለት፣ ፎቶ አነሳሁ፣ እንግዳ ተቀበልኩ። "አንቱ" ብዬ ስጠራው ግን ተቆጣ፦ "ገና በጠዋቱ አስረጅተኸኝ ድስቷን ማን ያማስልልኛል?" ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው አንተ እያልኩት ኖርኩ።

ወጥ የሚቀምሰው በማንኪያ አልነበረም። "ማንኪያ ውሸታም ነው፤ ብረቷን ነው የምትቀምሰው" ይላል። የእጁ ጀርባ ላይ ጠብ ያደርግና፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይልሳል። ዓይኑ ቶሎ ከተገለጠ ወጡ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሳይገለጥ ከቆየ ሁላችንም እንተነፍሳለን። ስለ ጨው ሲያስተምረን ደግሞ "ጨው እንደ ዘመድ ነው፤ ሲቀርም ይታማል፣ ሲበዛም ይታማል" ይለን ነበር።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አስተናጋጆቹን ሁሉ በጣት የሚጠራ እንግዳ፣ ገና ሳይቀምስ "ለዓሣው ኬቻፕ አምጡ" አለ። መኩሪያ ራሱ ወጣ። ዓሣውን በትሕትና አነሳና ገባ። ተመልሶ ሲመጣ በክዳን የተሸፈነ ሰፊ ሳህን ይዟል። ፊቱ አስቀመጠለት፣ ክዳኑን ገለጠለት። ሳህኑ መሐል አንድ ማንኪያ ኬቻፕ ብቻ ነበረች፤ በግራዋ ሹካ፣ በቀኟ ቢላዋ።

"መልካም ምግብ፣ ጌታዬ" አለው።

ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ሳህኑን አየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ዓሣው ተመለሰለት፣ አጥንቱን ጠርጎ በላ። በኋላ እንደተረዳነው የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት አዘጋጅ ነበር። የመኩሪያ ዝና የጀመረው ከዚያች ማንኪያ ኬቻፕ ነው።

"ለበዓል ዝግጅት እንቀርጽሃለን፤ አንድ የራስህ የሆነ ምግብ አዘጋጅ" ብሎት ሄደ።

መኩሪያ የትኛውን እንደሚሠራ ለአፍታም አላመነታም። ቆሮሶ የሚባለውን የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ሆዱን ጠርጎ፣ ዳጣ የሚሉትን የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት ድቁስ ይሞላዋል፤ በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ፣ ጠቅልሎ ፍም ውስጥ ይቀብረዋል። ሲወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጭማቂው እንዳለ። ይህን ምግብ ያስተማሩት አዬ ቦጋለች ናቸው፤ አዬ በጋሞኛ እናት ማለት ነው። መኩሪያ ድሮ ሸማኔ ነበር፤ የሠራው ጋቢ ሁሉ ግን አንዱ ጫፍ ከሌላው እየረዘመበት ዕቃውን ጥሎ ሲቀላ ወረደ። ያኔ አዬ ቦጋለች ሲቀላ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው። ዓሣ እያጠበ፣ እንጨት እየፈለጠ ሰባት ዓመት አብሯቸው ሠራ። እሳቸው ሲደክማቸው ቤቱን ዘግተው አገራቸው ገረሴ ገቡ፤ እሱ ሞያውን ይዞ ሴቻ ወጣ።

እሳቸው ምግቡን "ቅብር" ይሉት ነበር። "በበዓል ቀን 'ቅብር ብሉ' ይባላል?" አልኩት። ኮባ የሚለውን ቃል ይዤ ትንሽ አሰብኩና "ዓሣ በካባ" የሚል ስም አወጣሁለት። በጣም ወደደው። "ካባ የለበሰ ዓሣ፣ ቆብ የደፋ ሼፍ!" እያለ ወጥ ቤቱን ዞረው።

ከዚያ "ምን ልበል? ጻፍልኝ" አለኝ። ጻፍኩለት። እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ፤ የእኔ ጥፋት ነው። "ይህ ምግብ የራሴ ፈጠራ ነው። አንድ ቀን በሕልሜ መጣልኝ" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበና ቆቡን አከከ። "ኢንጂነር፣ አዬ ቦጋለችስ?"

"ሼፍ፣ ቴሌቪዥን ጊዜ የለውም። 'አንዲት ሴትዮ አስተማረችኝ' ብትል ማን ይሰማሃል? ሕልም ይሻላል።"

"ሕልም ይሻላል?"

"ሕልም ይሻላል።"

በቴሌቪዥን ቀርቦ አለው፤ በሙሉ ልቡ ባይሆንም አለው። ሰው ግን ሕልሟን ወደዳት። በአንድ ወር ውስጥ ፎቶው የባጃጆች ጀርባ ላይ ወጣ። ተመራቂ ተማሪዎች ከነጋዋናቸው ከቆቡ ሥር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። የአዲስ አበባ ሰርገኛ መኪና ይልክለታል። አንድ ትልቅ ሆቴል "በስምህ ምግብ ቤት እንክፈትልህ" ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት። በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የራሱን አሥራ አንድ ፎቶ ሰቀለ። "በሕልሜ መጣልኝ" የሚለውን አሁን ሳላስታውሰው ይናገረው ጀመር፤ እየዋለ እያደረም ሕልሙ እየረዘመ ሄደ። መጀመሪያ መልአክ ገባበት፤ በኋላ መልአኩ ራሱ ዓሣውን ሲገለብጥ ታየ።

አንድ የገበያ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ረጅም በትር ይዘዋል። ወንበር አቀረብኩ፤ ተቀመጡ። ምግብ አቀረብኩ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ከተከሳሽ ቤት አንበላም" አሉ ታላቁ። "መኩሪያን ጥሪልን።"

መኩሪያ እጁን እየጠረገ ወጣ፤ ሲያያቸው ፊቱ እንደ ዓሣ ሆድ ነጣ።

"ቦጋለች ዱቡሻ ጠርታሃለች" አሉት። "ቅዳሜ፣ ገረሴ።"

ዱቡሻ የጋሞ አባቶች በአደባባይ ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝና ነገሩን አቃለልኩት። "ሽማግሌዎች አይደሉ? ይቅርታ ጠይቀህ ትመለሳለህ" አልኩት።

"ፍርድ ቤት ቢሆን ጠበቃ እይዝ ነበር" አለኝ። "ዱቡሻ ግን ውሸት አይቆምም፤ መሬቷ አትችለውም።"

ቅዳሜ አብረን ወጣን። መንገዱ እየጠመዘዘ ከሙቁ ቆላ ወደ ጉም ሲያስገባን፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ ሄደ። ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል። ትልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ የተደረደሩ ድንጋዮች፣ ድንጋዮቹ ላይ አባቶች። መኩሪያ ቆቡን ደፍቶ መሐል ገባ። አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩትና አንድ ነገር ሲናገሩ ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። እኔ ጋሞኛ አልሰማም፤ አጠገቤ የተቀመጠች የገረሴ መምህርት በሹክሹክታ ታስተረጉምልኛለች።

"'ወይ ቆቡ ይናገር፣ ወይ አንተ ተናገር' እያሉት ነው።"

ቆቡን አወለቀ። ራሰ በራ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን አላውቅም ነበር።

ምርቃት ተደረገ፤ ከዚያ አዬ ቦጋለች ተነሡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ሊናገርላቸው ሲነሳ በእጃቸው መለሱት፦ "ዓሣውን የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ።"

"ምን ወሰደብሽ?" ተባሉ።

"ምግቡን አልወሰደብኝም። ምግብ ሊበላ ነው የተሠራ፤ ይሥራው፣ ይብላው፣ ይሽጠው።" ድምፃቸው አልጮኸም። "ግን በልጅ ልጄ ስልክ ላይ አየሁት። 'በሕልሜ መጣልኝ' አለ። ሰባት ዓመት ከእሳቱ ዳር ቆሜ አሳየሁት። እጄ የተቃጠለው ይኸውና።" እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ለሕዝቡ አዞሩ። "እኔ ሕልም ነኝ? እናንተስ አባቶች፣ ታዩኛላችሁ?"

መምህርቷ ማስተርጎሟን ለአፍታ ረስታ እንደገና ቀጠለች። እኔ የተቀመጥኩበት ሣር እሾህ ሆነብኝ።

ሽማግሌው ወደ መኩሪያ ዞሩ። "ሕልሙን አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"መልአኩስ?"

"መልአክም የለም።"

"ታዲያ ይህን ነገር ማን መከረህ?"

ከእሱ እስከ እኔ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ዞር ብሎ ቢያየኝ፣ በጣቱ ባይጠቁመኝ እንኳ በዓይኑ ብቻ ቢያየኝ፣ ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ያርፍ ነበር። አልዞረም።

"የገዛ ምላሴ" አለ።

መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ጉልበቴ ከዳኝ ብል እዋሻለሁ፤ ጉልበቴ ደህና ነበር፣ የከዳኝ ልቤ ነው።

አባቶች ራቅ ብለው ተመካከሩና ተመለሱ። ይቀጡታል ብዬ ነበር። ታላቁ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው እንዲህ አሉ፦ "ውሸቱ በቴሌቪዥን ነው የሄደው። እውነቱ በእግሩ ተከትሎ አይደርስበትም። እሱም በቴሌቪዥን ይሂድ።"

ሁለቱን አስታረቋቸው፤ እርጥብ ሣር ይዘው መረቋቸው። ተመልሰን ስንወርድ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አላስቻለኝም።

"ሼፍ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለምን አልተናገርክም?"

በጣም የገረመው መሰለ። "ኢንጂነር፣ ወጥ ጨው ሲበዛበት፣ ለእንግዳ 'ሽንኩርት ከታፊዋ ናት' ይባላል?" አለኝ። ቀጠለና "ደሞ ሕልሟ ቆንጆ ነበረች፤ እኔ ነኝ መልአክ የጨመርኩባት" አለ።

በሚቀጥለው በዓል አዲስ አበባ ጠሩት፤ በቀጥታ ስርጭት። አብሬው ሄድኩ። የዝግጅቱ አቅራቢ በሚያብረቀርቅ የሀገር ልብስ አጊጣ "ሼፍ፣ እስቲ ያን ታዋቂ ሕልምህን ንገረን!" አለችው።

መኩሪያ ቢላዋውን አስቀመጠ። "ሕልም የለም። ዋሽቻለሁ። ይህን ዓሣ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አዬ ቦጋለች፣ ገረሴ ያለው።"

አቅራቢዋ ግራ ገባት። "እሱ ማናቸው? አባትህ ናቸው?"

"ሴት ናት! የተሳሳተው አማርኛዬ ነው እንጂ ሰውዬዋስ አልተሳሳተችም።" ከካሜራው ጀርባ አዘጋጁ "ማስታወቂያ አስገቡ!" እያለ እጁን ያወናጭፋል። መኩሪያ አይቶታል፤ ፈጠን አለ። "እጇ በእሳት ተቃጥሏል፣ አይቻለሁ። ስሙ ቅብር ነው፣ ካባ አይደለም። አዬ፣ የምታየኝ ከሆነ ኮባዋን ዛሬ በትክክል—"

እዚህ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አርባ ምንጭ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ሆቴሉ ስልክ ማንሳት አቆመ። ሰርገኞቹ ጠፉ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ደግሞ ነገሩን መቀለጃ አደረጉት፤ የጓደኛውን የቤት ሥራ ገልብጦ የተያዘ ሁሉ "በሕልሜ መጣልኝ፣ መምህር" ይላል። ባጃጅ ነጂዎቹ ፎቶውን ላጡ። ለአንድ ወር ያህል ምግብ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የዝንብ ድምፅ ነበር። መኩሪያ ግን ቆቡን መተኮሱን አላቋረጠም።

አንድ ረፋድ ላይ ከገረሴ የመጣ አውቶቡስ በራችን ላይ ቆመ። መቆሚያው አልነበረም። ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ኮባ በእስር በእስር ማውረድ ጀመረ፤ ቀጥሎ አዬ ቦጋለች ራሳቸው ወረዱ። ሰላምታ ሳይሰጡን ወጥ ቤት ገቡ፣ ፍሙን አዩ፣ የተጠቀለለውን ዓሣ አንስተው ገለጡ።

"ኮባውን ገልብጠኸዋል" አሉት። "በቴሌቪዥንም ገልብጠኸው ነበር። ይህን ለመንገር ነው የመጣሁ።"

ሊነግሩት የመጡት ሴት ሳይመለሱ ቀሩ። ወጥ ቤቱ ሁለት ንጉሥ ነገሠበት። ከጠዋት እስከ ማታ ይጣላሉ፤ በጋሞኛ ጀምረው፣ እኛ እንድንፈርዳቸው ሲፈልጉ ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። "እሱ ዳጣውን አበዛ!" ይላሉ እሳቸው። "እሱ ነው እንጂ ያሳነሰው!" ይላል እሱ፣ ስለ እሳቸው። ሰው መጀመሪያ ጠቡን ለማየት መጣ፤ ዓሣውን ሲቀምስ ቀረ። መኩሪያ ከአሥራ አንዱ ፎቶዎቹ አንዱን አወረደና የአዬ ቦጋለችን ሰቀለ። አሥሩን ግን አልነካቸውም። ሬዲዮው ትሕትና ያለው ይህንን ከሆነ፣ ይሁንለት።

እኔም በስተመጨረሻ በተማርኩት ሞያ ሥራ አግኝቼ ምዕራብ ዓባያ ሄድኩ። በየሳምንቱ መጨረሻ ስመጣ ሁለቱም አንዱ በሌላው ላይ ክስ ይዘው ይጠብቁኛል።

ዘንድሮ መኩሪያ ሆዱን ታመመ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አድርገው ወደ ቤቱ መለሱት። ችግሩ ምግብ እምቢ ማለቱ ነበር። የቀረበለትን ሁሉ በእጁ ጀርባ ይቀምሳል፣ ዓይኑ ወዲያው ይገለጣል፣ ሳህኑን ይገፋል። "ሽንኩርቷ ቸኩላለች።" "ቅቤው ደክሞታል።" አዬ ቦጋለች የሠሩለትን ሾርባ እንኳ "እጅህ አዝኗል፣ ሾርባው ላይ ይታወቃል" ብሎ መለሰው። እሳቸው ጓሮ ወጥተው አለቀሱ። እኔ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ።

በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ድስት አስነክቶኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ አልነካሁም። ያን ቀን ግን የሚሞክር ሌላ ሰው አልቀረም። ድንች ላጥኩ፣ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ። ጎመን ከተፍኩ፣ ገሚሱ እንደ ጥፍር፣ ገሚሱ እንደ መዳፍ። ጨውን ፈርቼ ተውኩት። አፈላሁት፣ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋብኝ፣ እንደገና አፈላሁት። አዬ ቦጋለች በር ላይ ቆመው፣ ማዕተባቸውን ጨብጠው አዩኝ።

አልጋው ዳር ተቀምጬ ሰጠሁት። የእጁ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገ። ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ላሰ። ዓይኑ ተገለጠ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ዓይን ሰፋ።

"ኢንጂነር..." አለ ቀስ ብሎ።

"እሺ ሼፍ።"

"ውሃው ጥሩ ነው።"

በር ላይ የቆሙት አዬ ቦጋለች ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም ሳቅሁ፤ መኩሪያም ሆዱን ይዞ፣ እያመመው፣ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ሳህኑን ሊገፋው ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። ማንኪያ ጠየቀ። ቀስ እያለ፣ እያረፈ፣ እያንዳንዱን ጉማጅ ጎመን እያነሳ "ይህችን በመጋዝ ነው የቆረጥካት?" እያለ፣ እስከ ሳህኑ ወለል ወረደ።

"ነገ ምን ትሠራለህ?" አለኝ።

ፈቃዴ አልቆ ወደ ቦዩ እስክመለስ አራት ቀን አበሰልኩለት። አራቱንም ቀን ሰደበኝ፤ አራቱንም ቀን ጨረሰው።